ወገብ ስንት ኩንታል ይሸከማል? ከጉዳት በኋላ ወደ ክብደት ማንሳት ስለ መመለስ

ጣሊያናዊው የሒሳብና የፊዚክስ ሊቅ ጆቫኒ ቦሬሊ ስለ እንስሳት እንቅስቃሴ የጻፈው መጽሐፍ መታተም የጀመረው እርሱ ካረፈ በኋላ፣ በ1680 ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቦሬሊ ከመረመራቸው ነገሮች አንዱ ሸክም የተሸከመ ሰው አከርካሪ ነው። የደረሰበት ድምዳሜም ለዘመኑ እንግዳ ነበር፤ የሰው ጡንቻዎች ከሚያነሡት ክብደት እጅግ የሚበልጥ ኃይል ያመነጫሉ። ምክንያቱ ጡንቻ አጥንትን የሚስበው ከመገጣጠሚያው በጣም ቀርቦ መሆኑ ነው። ተፈጥሮ መፈንቅሉን የሠራችው ኃይል ለመቆጠብ ሳይሆን እንቅስቃሴን ለማፍጠን ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ጥንታዊ ነገር እዚህ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ብረት ከሚገፉ ተማሪዎቻችን መካከል ወገባቸውን የሚያማቸው ጥቂቶች አይደሉም፤ የሚሰጣቸው ምክርም ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ «ተኛ፣ ከእንግዲህም ብረት እንዳትነካ» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ «ቀጥልበት፣ ይለመዳል» ይላል። ሁለቱም ምክሮች ወገብን የሚጎዳው በዘንጉ ላይ ያለው ኪሎ ብቻ ነው ከሚል ግምት የሚነሡ ይመስለናል። ወገብ የሚያውቀው ግን ኪሎን ሳይሆን ቶርክን ነው፤ ቶርክ ደግሞ፣ አንባቢ እንደሚያስታውሰው፣ ኃይል በርቀት ሲባዛ የሚገኝ መጠን ነው።

በቁጥር እንየው። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ወጣት 60 ኪሎ ግራም ብረት ከመሬት ለማንሣት አጎንብሶ፣ የላይኛው አካሉ ከወለሉ ጋር ትይዩ ሆኗል እንበል። ከወገቡ በላይ ያለው አካሉ 40 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ የዚህ ክብደት ማእከል ከታችኛው የወገብ መገጣጠሚያ 25 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። እጆቹ ከትከሻው ቁልቁል ስለተንጠለጠሉ ብረቱ 45 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። የስበትን አክስለሬሽን ለቀላልነት 10 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር ብንወስድ፣ ድምር ቶርኩ 400 ኒውተን ሲባዛ በ0.25 ሜትር ሲደመር 600 ኒውተን ሲባዛ በ0.45 ሜትር፣ ማለትም 370 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ይህን ቶርክ የሚመክቱት የጀርባ ጡንቻዎች ከመገጣጠሚያው ወደ ኋላ የሚርቁት 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ መሳብ ያለባቸው በ7400 ኒውተን ኃይል ነው። ብረቱ 60 ኪሎ ነው፤ በዲስኩ ላይ የሚያርፈው ግን ከሰባት ኩንታል በላይ ነው።

መርካቶ ውስጥ አንድ ኩንታል እህል በትከሻው ይዞ የሚሮጠውን ተሸካሚ ያየ ሰው ምሥጢሩ አሁን ይገባዋል። ጆንያው ያለው ከዳሌው በላይ፣ በመገጣጠሚያው ትክክል ስለሆነ የቶርኩ ክንድ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ያንኑ ኩንታል አጎንብሶ ከመሬት አንሣ ቢባል ግን ረዳት ይጠራል።

እነዚህ ስሌቶች የወረቀት ብቻ አይደሉም። ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም አልፍ ናኬምሰን በ1960ዎቹ በሕያዋን ሰዎች ዲስክ ውስጥ ያለውን ግፊት በመርፌ ለክቷል። በ1999 ደግሞ ሃንስ ዮአኪም ቪልከና ባልደረቦቹ በጀርመን አገር በአንድ ፈቃደኛ ሰው ዲስክ ውስጥ መለኪያ አስገብተው የተለያዩ እንቅስቃሴዎችን እንዲያደርግ ጠየቁት። ሰውየው ቀጥ ብሎ ሲቆም ግፊቱ 0.5 ሜጋ ፓስካል ነበር። 20 ኪሎ ግራም ከደረቱ አስጠግቶ ሲይዝ 1.1፣ ያንኑ ክብደት ከደረቱ 60 ሴንቲ ሜትር አርቆ ሲይዝ 1.8 ሆነ። ጀርባውን አጉብጦ ከመሬት ሲያነሣው 2.3፣ ጉልበቱን አጥፎ ሲያነሣው ደግሞ 1.7 ተመዘገበ። የአንድ ትንሽ አውቶሞቢል ጎማ ግፊት 0.2 ሜጋ ፓስካል ገደማ መሆኑን ስናስታውስ፣ ዲስክ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ መገመት እንጀምራለን። ልኬቱ የአንድ ሰው ብቻ ቢሆንም ርቀት የሚያመጣውን ለውጥ ለማሳየት ይበቃል።

ስለ ዲስክ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። ብዙ ሰው «ዲስኬ ተንሸራተተ» ይላል። ዲስክ ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጋር አጥብቆ የተያያዘ ስለሆነ እንደ ሳሙና አይንሸራተትም። የሚሆነው ሌላ ነው፤ በተደራረቡ የቃጫ ቀለበቶች የተሠራው ዙሪያው ይሰነጠቅና በመካከል ያለው ውኃማ ክፍል ወደ ውጭ ይገፋል፤ አንዳንድ ጊዜም ነርቭ ይነካል። ወደ ውጭ የወጣው ክፍል በብዙ ሕሙማን ላይ በወራት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና እየሟሸሸ ይሄዳል። በተጨማሪም በ2015 የታተመ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ እንዳሳየው፣ ምንም ሕመም ከሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች መካከል እንኳ 30 በመቶ የሚሆኑት ወደ ውጭ ያበጠ ዲስክ በምስል ይታይባቸዋል። ስለዚህ የኤም.አር.አይ. ወረቀት ብቻውን የዕድሜ ልክ ፍርድ አይደለም።

መተኛትስ? በ1986 በአሜሪካ በተደረገ ጥናት ሁለት ቀን እንዲተኙ የተነገራቸው የወገብ ሕሙማን ሰባት ቀን እንዲተኙ ከተነገራቸው ባልተናነሰ ሁኔታ ዳኑ፤ ከሥራ የቀሩበት ቀን ግን በ45 በመቶ ያነሰ ነበር። በ1995 በሄልሲንኪ የተደረገው ጥናት ደግሞ ሕመሙ በፈቀደላቸው መጠን የዕለት ተግባራቸውን የቀጠሉት፣ እንዲተኙ ከተደረጉትም ሆነ ልዩ የጀርባ እንቅስቃሴ ከታዘዘላቸው ፈጥነው እንዳገገሙ አሳይቷል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ለተራው የወገብ ሕመም ነው። እግር የሚዝል፣ በጭኖች መካከል ያለው ቆዳ የሚደነዝዝ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር የሚያቅት ከሆነ ስሌቱን ትቶ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ከብርቱ አደጋ ወይም ውድቀት በኋላ የመጣ ሕመምም እንዲሁ።

አሁን ወደ ብረቱ እንመለስ። ሐኪም አይቶት፣ መራመድና ጫማ ማሰር ሳያሳምመው የቻለ ሰው ሊቆጣጠራቸው የሚገቡት መጠኖች በዋናነት ሦስት ናቸው፤ ክብደት፣ ርቀትና አክስለሬሽን። ሁሉም ሰው የሚቀንሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እኛ ርቀትን እናስቀድማለን። ከላይ ባሰላነው ምሳሌ ቶርኩ ከዘንበል ማለቱ አንግል ሳይን ጋር የተመጣጠነ ነው። ወጣታችን ብረቱን በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ እስከ ጉልበቱ ከፍ አድርጎ ቢያስቀምጠውና ከቀጥታው መስመር 30 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል፣ የ30 ዲግሪ ሳይን ግማሽ ስለሆነ ቶርኩም በግማሽ ይወርዳል፤ ከዘንጉ ላይ አንድ ኪሎ እንኳ ሳይነሣ። በተቃራኒው ብረቱ ከእግሩ አንድ ሴንቲ ሜትር በራቀ ቁጥር ጡንቻዎቹ 120 ኒውተን ይጨምራሉ፤ ይህም ወገቡ ላይ 12 ኪሎ እንደ መጫን ነው። አሠልጣኞች «ብረቱ ቅልጥምህን ይንካ» የሚሉት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የሰፈራችንን ብረት ማንሣት ግድ ይለናል። በዓለም አቀፍ ውድድር ትልልቆቹ ክብ ብረቶች 45 ሴንቲ ሜትር ስፋት ስላላቸው ዘንጉ ከመሬት 22.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ያርፋል። በቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተን በውኃ ቧንቧ ላይ የምንተክለው ብረት ግን ከመሬት የሚርቀው ከ10 ሴንቲ ሜትር ብዙ አያልፍም። አንሺው ተጨማሪ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዲያጎነብስ ይገደዳል ማለት ነው፤ ቀላል የሚመስለው ብረት ወገብን የሚያስቸግረው ከዚህ የተነሣ ነው። ሁለት ጥንድ ብሎኬት ከሥሩ ማስገባት ችግሩን ይፈታዋል። ሁለቱ ቆርቆሮዎች እኩል መመዘናቸውንም ቧንቧውን መካከሉ ላይ አንጠልጥሎ ማየት ይገባል፤ ከመካከሉ 60 ሴንቲ ሜትር የራቀ የ3 ኪሎ ልዩነት 18 ኒውተን ሜትር ወደ ጎን የሚያጋድል ቶርክ ይፈጥራል።

ሦስተኛው መጠን አክስለሬሽን ነው። 60 ኪሎ ብረት በ3 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር ሲመነጨቅ የሚጠይቀው ኃይል ከ600 ወደ 780 ኒውተን ያድጋል። ስለዚህ ስናችና ክሊን ኤንድ ጀርክን የመሳሰሉ ፈጣን አነሣሦች መመለስ ያለባቸው በመጨረሻ ነው። መጀመሪያ ባዶ እጅን ይዞ ከዳሌ መታጠፍ፣ ቀጥሎ የመጥረጊያ እንጨት፣ ከዚያ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ባዶ ዘንግ፣ ቀስ በቀስም ክብደትና ጥልቀት፤ ሁለቱን በአንድ ሳምንት መጨመር ግን አይገባም። በማግስቱ ሕመሙ ከተባባሰ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ መመለስ ነው።

ወገብ የብረት ምሰሶ ቢሆን ኖሮ ጭነት በደጋገምን ቁጥር እየደከመ ብቻ ይሄድ ነበር። በ1987 የታተመ አንድ ጥናት በዓለም የፓወርሊፍቲንግ ሻምፒዮና ተካፋዮች ወገብ ላይ በዴድሊፍት ጊዜ እስከ 36 ሺህ ኒውተን የሚደርስ ኃይል እንደሚያርፍ ገምቷል፤ የአንሺዎቹ የወገብ አጥንትም እጅግ የበዛ ማዕድን ይዞ ተገኝቷል። አጥንትም ጡንቻም ለሚለምዱት ጭነት ራሳቸውን ያስተካክላሉ። የዲስክ ነገር ግን ይለያል። የአዋቂ ሰው ዲስክ በውስጡ የደም ሥር የለውም ማለት ይቻላል፤ ምግቡን የሚያገኘው በስርገት ስለሆነ የሚጠገነውም በዝግታ ነው። ጡንቻ በሳምንታት ሲበረታ ዲስክ ወራት ይወስድበታል። በእኛ ግምት አደገኛው ወቅት ሕመሙ የጠፋበት፣ ጉልበትም የተመለሰበት፣ ዲስኩ ግን ገና ያልጠነከረበት ያ መካከለኛ ጊዜ ነው።

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ብረት ለሚያነሡ ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። በቪልከ ልኬት ሰውየው ለሰባት ሰዓት ሲተኛ የዲስኩ ግፊት ከ0.10 ወደ 0.24 ሜጋ ፓስካል አድጓል፤ ዲስክ ሌሊቱን ውኃ ይስባል፣ ቁመታችንም ማለዳ ላይ በአንድ በመቶ ያህል ይጨምራል። በዚያ ሰዓት ያበጠ ዲስክን ማጠፍ ዙሪያውን ይበልጥ ይወጥረዋል። እያገገመ ያለ ሰው ማለዳውን በእግር ጉዞ ቢያሳልፍና ብረቱን ወደ አመሻሹ ቢያዛውር፣ ያው ክብደት ለወገቡ የቀለለ ይሆናል።