ሆድ ጥርስ የለውም

በዐቢይ ጾም በላስታ ደጋ ከሰዓት በኋላ በጎችን አይታችሁ ታውቃላችሁ? በጊቱ ጧት የነጨችውን ሣር ቶሎ ቶሎ ውጣ ኋላ ጥላ ሥር ትተኛለች። ከዚያ የዋጠችውን ወደ አፏ እየመለሰች ታመሰኳለች፤ ማንም አያስቸኩላትም።

በዚያው ሰዓት ላሊበላ ላይ ቅዳሴ ያስቀደሰው ሕዝብ ወደየቤቱ ይወጣል። ሲጾም የዋለ ሰው መሶቡ ሲከፈት እጁ ይፈጥናል። አንዱን ጉርሻ ሳንውጥ ሌላውን እንጠቀልላለን። ልዩነቱን ልብ በሉ፦ በጊቱ ቸኩላ የዋጠችውን ትመልሰዋለች፣ እኛ ግን አንዴ ከዋጥን መልሰን አናላምጥም። ለማላመጥ የተሰጠን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እህሉ አፋችን ውስጥ ሳለ ነው።

እስኪ አንዲት ጉርሻ አፍ ውስጥ ምን እንደምትሆን እንከተላት።

ጥርሱ የተሟላለት አዋቂ ሰው 32 ጥርስ አለው። 8ቱ የፊት ጥርሶች ይቆርጣሉ። 4ቱ ክራንቻዎች ይዘው ይቀድዳሉ። በጉንጭ በኩል ያሉት 20ዎቹ ደግሞ እንደ ወፍጮ ያደቅቃሉ፣ ይፈጫሉ። ምላስና ጉንጭ የፈጪዋ እጅ ናቸው፤ ያመለጠውን እህል እየመለሱ ወደ ወፍጮው ይገፋሉ።

ወፍጮው ግን በደረቁ አይሠራም። ሽሮው ሲንተከተክ ገና ሽታው ሲደርሰን አፋችን ውኃ ይሞላ የለ? ያ ምራቅ ነው። 3 ጥንድ ዋና ዋና ዕጢዎች፣ ከትናንሾቹ ጋር ሆነው፣ በቀን ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ተኩል ያህል ያመነጫሉ። 99 ከመቶው ውኃ ነው፤ በቀረችው ጥቂት ነገር ውስጥ ግን አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ሥራው የእህሉን ስታርች ወደ ስኳርነት መለወጥ ነው። ካላመናችሁ ቁራሽ የገብስ ዳቦ ሳትውጡ ረዘም አድርጋችሁ አላምጡ። ጥቂት ቆይቶ ይጣፍጣችኋል። ስኳር የጨመረበት ሰው የለም፤ ጣፋጩ የተገኘው በትዕግሥት ነው።

እህሉ ሲልም ምላስ ጠቅልሎ ወደ ጉሮሮ ይገፋዋል። ያን ጊዜ የአየር ቧንቧው ይዘጋል፣ ትንፋሽም ለአፍታ ይቆማል፣ እህሉም በሰከንዶች ውስጥ ጨጓራ ይደርሳል። ጎርሰን ስናወራና ስንስቅ ትን የሚለን ይህ ሥርዓት ስለሚዛባ ነው።

ጨጓራ ያሻል፣ ያቦካል፤ ጥርስ ግን የለውም። አፍ ያልሠራውን ሥራ ሲጭኑበት ይከብደዋል። «የጾም ምግብ ሆዴን ነፋኝ» እንላለን። ባቄላውና ሽምብራው ድርሻ ቢኖራቸውም ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ አይደለም፤ አጣድፈን ስንውጥ አየርም አብሮ ይገባል። ደግሞም የጥጋብ ስሜት እስኪሰማን ድረስ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በ5 ደቂቃ የጨረሰ ሰው መጥገቡን የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ የታገሥነውን በአንድ ማዕድ ከካስነው፣ ሰዓቱን ቀየርን እንጂ ምኑን ጾምነው?

በቤታችንም እንጠንቀቅ። ከ4 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ቆሎና ለውዝ አይሰጥ፤ መንጋጋው ገና ስላልጠነከረ ሊያንቀው ይችላል። ጥርስ ላጡ እናቶችና አባቶች እንጀራው በወጥ ይራስላቸው፣ ወይም በሶ ይበጥበጥላቸው፤ እየበሉም አይቸኮሉ። ጉርሻ ፍቅር ነው፣ ግን ጉንጭ እስኪወጠር አይሁን።

የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሀብ ወሎ ላይ ያሳለፉ አረጋውያን አጠገባችሁ ካሉ፣ ሲበሉ አስተውሏቸው። ቁራሽ እንጀራ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በከንቱ አይውጥም።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ለመብል ንጹሕ የተባሉት የምድር እንስሳት ሰኮናቸው የተሰነጠቀና የሚያመሰኩ ናቸው። መምህራን ማመስኳትን የሰሙትን ቃል በልብ እየመለሱ ማሰላሰል ነው ብለው ይተረጉሙታል። ስለዚህ ከበጊቱ የምንካፈለው አንድ ነገር አለን፦ እህሉን መልሰን ማላመጥ ባንችል ቃሉን ግን ማታ ስንተኛ፣ ጧት ስንነሣ መመለስ እንችላለን። በጆሮው ሰምቶ ወዲያው የሚረሳም ሳያላምጥ እንደዋጠ ሰው ነው።

እንግዲህ ዛሬ ማዕድ ስትቀርቡ የመጀመሪያዋን ጉርሻ አሳንሷት። እስክትልም አላምጡ። እስክትውጡም እጃችሁን ከመሶቡ አንሡ። እጃችሁ ባረፈባት በዚያች አፍታ፣ ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ከሰማችሁት አንዱን ቃል አስታውሱ።