በማስታወቂያ ሒሳብ ላይ የሚጻፍ የመቃወሚያ ደብዳቤ

ባለፈው ትምህርት የማመልከቻ ደብዳቤን አይታችኋል። ማመልከቻ ይለምናል፤ የመቃወሚያ ደብዳቤ ግን ጸሐፊው የሚያምነውንና የማያምነውን ለይቶ ያስታውቃል። ለትምህርቱ የተዘጋጀውን የሚከተለውን ታሪክ በጥሞና አንብቡ።

በሰሜን ሸዋ፣ በመዘዞ ከተማ፣ ብርድ ልብስና የመንዝ በርኖስ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ አለች። አንድ የማስታወቂያ ሠራተኛ ከአዲስ አበባ መጥቶ የሱቋን ስም በዓመታዊ የነጋዴዎች ማውጫ ላይ በሩብ ገጽ ለማውጣት በ3,000 ብር ተዋዋሉ። ግማሹን ወዲያው ከፈለች፤ ቀሪውን ማውጫው ታትሞ ሲወጣ ልትከፍል ፈረመች። ማውጫው ወጣ፤ ቀሪው ሒሳብ ግን በሥራ ብዛት ተረሳ። በዓመቱ ድርጅቱ ያንኑ ማስታወቂያ እርሷን ሳይጠይቅ ደግሞ አሳተመና የ4,500 ብር የሒሳብ መጠየቂያ ላከላት። በወረቀቱ ላይ «በተደረገው ስምምነት መሠረት» የሚል ቃል ሰፍሮበታል።

ነጋዴዋ ተቈጣች። የመጀመሪያ ረቂቋም ይህ ነበር፦

«የላካችሁት ሒሳብ ደርሶኛል። ገበያው ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ይህን ያህል ገንዘብ አሁን መክፈል አልችልም። ሥራችሁም የሌባ ሥራ ነው።»

የረቂቁን ማሠሪያ አንቀጾች ተመልከቱ። «አልችልም» የሚለው አሉታ ያረፈው በችሎታዋ ላይ ነው እንጂ በዕዳው ላይ አይደለም። አንባቢው ዕዳውን አምና ጊዜ የጠየቀች ይመስለዋል። «አሁን» የሚለው ተውሳከ ግሥ ደግሞ «በኋላ እከፍላለሁ» የሚል ትርጕም ያስከትላል። ያላዘዘችውን 3,000 ብር በገዛ እጇ ልታጸድቀው ምንም አልቀራት። ስድቡም ክርክሩን ከሒሳቡ ያስወጣዋል።

የድርጅቱም ቃል ቢሆን ሊመረመር ይገባዋል። «የተደረገው» ተደራጊ ግሥ ነው። ማን አደረገው? መቼ? ባለቤቱ ተሰውሯል። ተደራጊ ግሥ በራሱ ነውር የለበትም፤ ገንዘብ በሚጠየቅበት ጽሑፍ ውስጥ ስታገኙት ግን አድራጊውን ፈልጉ። ነጋዴዋም የውሉን ቅጅ ከሣጥን አውጥታ ብታነበው የፈረመችው ለአንድ ዕትም ብቻ ሆኖ አገኘችው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1682 ዝምታ እንደ መቀበል እንደማይቈጠር ይደነግጋል። ይሁን እንጂ በቁጥር 1684 መሠረት ቀድሞ የንግድ ግንኙነት በነበራቸው ሰዎች መካከል፣ ውልን ለመቀጠል ወይም ለማሻሻል በልዩ ጽሑፍ የቀረበ ሐሳብ፣ ካልተቃወሙት እንደ ተቀበሉት እንደሚቈጠር ጽሑፉ ካስታወቀ፣ በተገቢው ጊዜ መልስ ያልሰጠ ሰው እንደ ተስማማ ይቈጠራል። ስለዚህ ነጋዴዋ እንዲህ ያለ ወረቀት እንዳልደረሳት ሳታረጋግጥ «አልተስማማሁም» ብላ ልትጽፍ አይገባትም። ውሉ ራሱ «ካልተሰረዘ ይታደሳል» የሚል ቢሆን ኖሮ ደግሞ ደብዳቤዋ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። መዝገቧን ሁሉ ፈትሻ ምንም ስላላገኘች እንዲህ ስትል ጻፈች፦

«ጉዳዩ፦ የሒሳብ መጠየቂያን ስለ መቃወም

የ4,500 ብር የሒሳብ መጠየቂያችሁ ደርሶኛል። ከዚህ ውስጥ 1,500 ብሩ በፈረምሁት ውል መሠረት ያልከፈልሁት ቀሪ ዕዳዬ መሆኑን አምናለሁ። ይህንኑ በባንክ ገቢ አድርጌ የደረሰኙን ቅጅ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። የቀረውን 3,000 ብር ግን አልቀበልም። የፈረምሁት ለአንድ ዕትም ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ዕትም እንዲወጣ በቃልም ሆነ በጽሑፍ አላዘዝሁም። አዝዣለሁ የምትሉ ከሆነ ማስረጃውን እንድትልኩልኝ፣ ከሌለም ሒሳቡ መሰረዙን በጽሑፍ እንድታስታውቁኝ እጠይቃለሁ።»

«አምናለሁ» እና «አልቀበልም» በየራሳቸው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ቆመዋል፤ እያንዳንዳቸውም የገንዘብ ልክ አላቸው። እውነተኛውን ዕዳ ብትክድ ኖሮ እውነተኛው ተቃውሞዋም ባልታመነላት ነበር። የተከፈለው ገንዘብ ለየትኛው ዕዳ እንደ ሆነ መጻፏንም ልብ በሉ፤ ያለዚያ ድርጅቱ ለአወዛጋቢው ሒሳብ የተከፈለ አድርጎ ሊቈጥረው ይችል ነበር። ደብዳቤውን በአደራ ከላከች በኋላ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ከግልባጩ ጋር አስቀመጠች።

መልመጃ

የሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ዕዳን የሚያምኑ ናቸው ወይስ የሚክዱ? ምክንያቱን ከማሠሪያ አንቀጹ አሳዩ። «እስከ ጥር ታገሡኝ።» «ይህን ለመክፈል አልገደድም።» «ሒሳቡ በዝቶብኛል።» ቀጥሎም የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ብትሆኑ ለነጋዴዋ የምትሰጡትን መልስ፣ በተደራጊ ግሥ ሳትሸሸጉ፣ በአንድ አንቀጽ ጻፉ።