ስለ እንግዴ ልጅ መጣበቅና በሚቀጥለው እርግዝና ስለ መደገሙ

እንግዴ ልጅ ማለት ፅንሱ ከእናቱ ምግብና አየር የሚቀበልበት የአካል ክፍል ነው። ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተላቆ መውጣት ይገባዋል። አንዳንድ ጊዜ ግን በማኅፀን ግድግዳ ውስጥ ጠልቆ ስለሚጣበቅ አይላቀቅም፤ ወይም ከፊሉ ተላቆ ከፊሉ ይቀራል። ያን ጊዜ ማኅፀኑ ተኮማትሮ ደሙን ለማቆም ስለማይችል እናቲቱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። እትብቱን በኃይል መጎተትም አደጋውን ያባብሰዋል።

ይህ ችግር አንድ ጊዜ የደረሰባት እናት በሚቀጥለው ወሊድም ሊደገምባት ይችላል። ይልቁንም ቀድሞ በቀዶ ጥገና የወለደች እንደ ሆነ፣ እንግዴ ልጁ በጠባሳው ላይ ሲያርፍ ጠልቆ ይጣበቃል። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ እንግዴ ልጁ የማኅፀኑን አፍ ከሸፈነባቸው እናቶች መካከል ቀድሞ አንድ ጊዜ በቀዶ ጥገና ከወለዱት ከመቶው 11፣ ሁለት ጊዜ ከወለዱት ከመቶው 40 ያህሉ ይህ ደርሶባቸዋል።

ከጉና ተራራ ግርጌም ሆነ ከጋይንት ደጋ ደብረ ታቦር ለመድረስ መንገዱ ረጅም ነው፤ የሚፈስ ደም ግን ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ እንዲህ ያለች እናት ምጥ ሳይዛት፣ የሚለገስ ደምና የቀዶ ጥገና ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ቀርባ እንድትቆይ እንመክራለን። መምህራንና ማንበብ የምትችሉ ሁሉ፣ በጎረቤታችሁ ነፍሰ ጡር ብትኖር ያለፈው ወሊድዋ እንዴት እንደ ነበረ ጠይቁ። እንግዴ ልጁ ዘግይቶባት ወይም በሐኪም እጅ ወጥቶላት እንደ ሆነ በወረቀት ጽፋችሁ ስጧት፤ ለሐኪሙም ታሳይ።