የሰነድ ሁለት ጠላቶች፦ በቤተ መዛግብት ለሚለማመዱ ተማሪዎች

በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የመዛግብት ክፍል ለተግባር ልምምድ የተመደበ የድኅረ ምረቃ ተማሪን በመጀመሪያው ቀን የሚጠብቀው ብዙውን ጊዜ አቧራ የለበሰ የወረቀት ክምር ነው። ፈጥኖ የሚመጣለትም ሐሳብ ‹‹መልክ ላስይዘው›› የሚል ይሆናል። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ይሁን እንጂ ያለ ዕውቀት ከተፈጸመ ምስጥ በዓመታት የማያደርሰውን ጉዳት በአንድ ሳምንት ሊያደርስ ይችላል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት የሰነድን ሁለት ጠላቶች ማወቅ ያስፈልጋል።

ወረቀት ከውስጡ ይበላል

የመጀመሪያው ጠላት በራሱ በወረቀቱ ውስጥ ይገኛል። የወረቀት ጥንካሬ የሚመነጨው ሴሉሎስ ከሚባለው ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት ነው። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ወረቀት በብዛት ከእንጨት መሠራት ሲጀምር፣ ቀለም እንዳይሰራጭበት አልሙኒየም ሰልፌት ይጨመርበት ነበር። ይህ ውሑድ እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱም የሴሉሎሱን ሰንሰለት ይበጣጥሳል። ብራና ግን ከቆዳ የሚዘጋጅ በመሆኑ ይህ ችግር የለበትም። የአባ ገሪማ ወንጌሎች ከ1,300 ዓመታት በላይ ሲቆዩ፣ የጋዜጣ ወረቀት በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የሚሰባበረው ስለዚህ ነው።

ሙቀትና እርጥበት ይህን ሂደት ያፋጥኑታል። በግምት ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር የመበላሸቱ ፍጥነት እጥፍ ያህል ይሆናል፤ አንጻራዊ እርጥበት ከ65 በመቶ ሲያልፍ ደግሞ ሻጋታ ለመብቀል ይመቸዋል። በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅቶች በሚፈራረቁባት በዲላ ይህ በቸልታ የሚታይ ጉዳይ አይደለም። ስለሆነም ተለማማጁ የክፍሉን ሙቀትና እርጥበት በየዕለቱ መመዝገብ፣ ሣጥኖችን ከወለልና ከግድግዳ ማራቅ፣ የዛጉ ስፒሎችንና አግራፎችን በጥንቃቄ መንቀል ይኖርበታል። የተቀደደ ገጽ በስኮች አይለጠፍም፤ ማስታወሻም በእርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ አይጻፍም።

ቅደም ተከተሉም መረጃ ነው

ሁለተኛው ጠላት የአውድ መጥፋት ነው። በፈረንሳይ በ1841 እ.ኤ.አ. የተደነገገው የመዛግብት ሙያ መርሕ ከአንድ ምንጭ የመጡ ሰነዶች ከሌላ ምንጭ ሰነዶች ጋር እንዳይቀላቀሉ ያዝዛል። ከዚህ ጋር የሚሄደው ሌላው መርሕ ደግሞ ሰነዶቹን ያመነጨው አካል የሰጣቸው ቅደም ተከተል እንዲጠበቅ ይጠይቃል።

ለዚህ የዲላ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ተቋሙ በ1996 እ.ኤ.አ. የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ ተመሠረተ፤ በ2000 እ.ኤ.አ. በደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆነ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በኮሌጁ ዘመን ገብቶ በደቡብ ዩኒቨርሲቲ ዘመን የተመረቀ ተማሪ ቢኖር፣ በአንዱ ፋይሉ ውስጥ ሁለት ዓይነት የደብዳቤ ራስጌ ይገኛል ማለት ነው። ተለማማጁ ወረቀቶቹን በራስጌያቸው ቢለያያቸው ክምሩ ያምራል፤ የዚያ ተማሪ ታሪክ ግን ለሁለት ይቆረጣል። የተሰባበረን ወረቀት ባለሙያ ሊጠግነው ይችላል፤ የተበተነን ፋይል ግን፣ አስቀድሞ የተጻፈ ዝርዝር ከሌለ፣ ማንም ሊመልሰው አይችልም።

ስምና ዘመን

በዝርዝር አጻጻፍ ላይም ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ስም ነው። ከ1966ቱ አብዮት በፊት በተጻፉ የመንግሥት ሰነዶች የጌዴኦ ሕዝብና አውራጃው የሚጠሩት ‹‹ደራሳ›› ተብለው ነው። ‹‹ጌዴኦ›› የሚለውን ቃል ብቻ የሚፈልግ ተመራማሪ እነዚህን ሰነዶች አያገኛቸውም። ስለዚህ በሰነዱ ላይ ያለው ስም እንዳለ ተገልብጦ የዛሬው ስም በአጠገቡ መጨመር አለበት።

ሁለተኛው ወጥመድ የዘመን አቆጣጠር ነው። የጌዴኦ ገበሬዎች አመፅ በውጭ መጻሕፍት በ1960 ተመዝግቧል፤ በእኛ አቆጣጠር 1952 ዓ.ም. ነው። ሰነዱን 1960 ከሚል ፋይል የሚፈልግ ሰው በስምንት ዓመት ይስታል። ‹‹ዓ.ም.›› ወይም ‹‹እ.ኤ.አ.›› ያልተጻፈበት ዓመት ግማሽ መረጃ ነው።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ትክል ድንጋዮቹ ዛሬም ቆመው ይታያሉ። ነገር ግን እንሰት፣ ቡናና ዛፍ ተጣምረው የሚለሙበት እርሻ ባለፉት አሥርት ዓመታት እንዴት እንደተለወጠ ሊያጠና የሚነሣ ወጣት ሳይንቲስት ከመስክ ልኬታው በተጨማሪ የቆዩ ሪፖርቶች፣ ካርታዎችና ያልታተሙ ጥናቶች ያስፈልጉታል። እነዚህ የሚተርፉለት ዛሬ ክምሩ ፊት የቆመው ተለማማጅ አንዲት ልማድ ከያዘ ነው፤ ይኸውም ማናቸውንም ወረቀት ከማንሣቱ በፊት የት እንደነበረና ከምን ጋር እንደነበረ መጻፍ ነው።