ጄኔራል እሆናለሁ ላልከኝ ልጄ

ልጄ፣ ባለፈው ፍኖተ ሰላም መጥተህ «አየር ወለድ እገባለሁ፤ ከዚያ ጄኔራል እሆናለሁ» ስትለኝ አልሳቅሁብህም። ወኔህ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ያን ሁሉ ስታወራ የጫማህ ማሰሪያ ተፈትቶ መሬት ይጎተት ነበር። እኔ ዕድሜዬን ከወታደር ጋር የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እግር ላይ ነው። እንግዲህ ቁጭ በልና ስማኝ።

1. ማሰሪያህን እሰር። የምቀልድ እንዳይመስልህ። ከአውሮፕላን የሚዘል ወታደር ጃንጥላውን የሚከፍትለት ጀግንነቱ ሳይሆን ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ ጋር የተያያዘ ጥብጣብ ነው። መንጠቆው ሽቦው ላይ በደንብ ካልገባ ማንም አይደርስለትም። በተርታ ሲቆሙ ሰው የራሱን ጀርባ ማየት ስለማይችል፣ ከኋላው ያለው ጓደኛው አይቶ ትከሻውን መታ ያደርገዋል። መኮንን ስትሆን መቶ ሰው ጀርባውን ለአንተ ይሰጣል። የራሱን ማሰሪያ የማያይ የሌላውን አያይም።

2. ትምህርቱን አትዝለለው። አሌክሳንደር ሌቤድ የተባለውን ሩሲያዊ ጄኔራል ሳትሰማ አትቀርም። እ.ኤ.አ. በ1973 ከሪያዛን የአየር ወለድ ትምህርት ቤት ወጣ፤ አፍጋኒስታን ውስጥ ሻለቃ ጦር መራ፤ ከዚያ እንደ ገና ተማሪ ሆኖ ፍሩንዜ የጦር አካዳሚ ገባ። የቱላን የአየር ወለድ ክፍለ ጦር የተረከበው በ1988 ነው። አሥራ አምስት ዓመት ቁጠር። አንተ ግን ቡናው ሳይፈላ ክፍለ ጦር ስታዝ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

3. በአፍህ ከተማ አትያዝ። ሌቤድ ሪያዛን ሲማር አለቃው ፓቬል ግራቾቭ ነበር። እሱም አየር ወለድ ነው፤ የሶቪየት ኅብረት ጀግና ተብሎ ተሸልሟል፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የሩሲያ መከላከያ ሚኒስትር ሆነ። ደፋር አልነበረም የሚለው የለም። ችግሩ የቼችኒያን ዋና ከተማ ግሮዝኒን በአንድ የአየር ወለድ ሬጅመንት በሁለት ሰዓት እይዛለሁ ማለቱ ነው። በ1995 አዲስ ዓመት ዋዜማ ታንኮቹ ከተማው ውስጥ ገብተው ነደዱ፤ ያለቁት ልጆች ብዙዎቹ ባንተ ዕድሜ ያሉ ነበሩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? አዛዥ የተናገረውን ላለመዋጥ ሲል ሰው ይማግዳል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

4. ማዕረግን እንደ ርስት አትቁጠረው። ለዚህ ሩሲያ አትሂድ፤ ቡሬ ይበቃሃል። አዲስ አበባ የታክሲ ረዳት «ዊንጌት! ዊንጌት!» ሲል ሰምተሃል። ያ ሰውዬ እዚሁ የእኛ አገር ነው የተዋጋው። በ1933 ዓ.ም. የካቲት እንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት ከ2,000 ያልበለጠ ሰው ይዞ፣ ግመል ጭኖ ጎጃም ገባ። ጥሬ ሽንኩርት እንደ ፍሬ ይገምጥ ነበር ይላሉ፤ እጁ ላይ በሰዓት ፋንታ የሚጮህ የማንቂያ ሰዓት ያስር ነበር። ቡሬና ማንኩሳ ያለውን ምሽግ በሌሊት በትንሽ በትንሽ ሰው እየነካካ፣ ጣሊያኑን ኮሎኔል ናታሌን ትልቅ ጦር የከበበው አስመሰለው። ናታሌ በቁጥር ብዙ እጥፍ እየበለጠ ቡሬን ለቆ ወጣ። መውጫው ላይ፣ ደምበጫ አካባቢ፣ አንድ የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር መንገዱ ላይ ተገኝቶ ብዙ ሰው ከፈለ። እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ደግሞ ፈረንጁ ሳይመጣ ለዓመታት ጠላትን ዕንቅልፍ ነስተውት ነበር፤ ታክሲው ግን የሚጠራው የፈረንጁን ስም ነው። ይሁን።

ልነግርህ የፈለግሁት ቀጥሎ የሆነውን ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ከገቡ ወር ሳይሞላ የዊንጌት ጦር ተበተነ፤ እሱም ከኮሎኔልነት ወደ ሻለቅነት ወረደ። ካይሮ ላይ፣ ወባም ይዞት፣ ተስፋም ቆርጦ፣ በጩቤ አንገቱን ቆረጠ። ተረፈ። ከሦስት ዓመት በታች ባለ ጊዜ ውስጥ ሜጀር ጄኔራል ሆኖ፣ በርማ ውስጥ ሺዎችን በሌሊት በአየር ከጃፓን ጦር ጀርባ አሳረፈ። በዚያው ወር፣ መጋቢት 1936፣ የተሳፈረበት አውሮፕላን ወድቆ ሞተ። ገና 41 ዓመቱ ነበር። ማዕረግ ይሰጣል፣ ይነሣል፣ ይመለሳል። ስትወርድ የሚይዝህ ነገር ቤትህ ይኑር፤ እናት፣ ሚስት፣ ማሳ፣ የንስሐ አባት።

5. ማቆምንም ተማር። ሌቤድ እ.ኤ.አ. በ1996 ለሩሲያ ፕሬዝዳንትነት ተወዳድሮ ሦስተኛ ወጣ። ግራቾቭ ከሚኒስትርነት በተነሣበት ቀን እሱ የሩሲያ የጸጥታ ምክር ቤት ጸሐፊ ሆነ፤ በዚያው ነሐሴ ኻሳቭዩርት ላይ ከቼችኖች ጋር ፈርሞ ጦርነቱን አስቆመ። ሁለት ወር ሳይሞላው ተባረረ። ክብሩን የሸጠ ነው የሚሉት አሉ። እኔ ግን ከሠራው ሁሉ ይህችን አስቀድማለሁ፤ የማንም እናት ልጇ ሲተርፍላት የፈረመውን ሰው አትራገምም።

6. ወታደርህ የማያውቀውን ነገር አትደግስለት። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ጄኔራሎቻችን መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ሊያወርዱ ተነሡ። ብዙዎቹ የተማሩ፣ ጦርነት ያበሰላቸው ሰዎች ነበሩ። መከላከያ ሚኒስቴር ውስጥ ሲመክሩ ተከበቡ፤ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ ራሳቸውን ገደሉ። አስመራ ላይ ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶን የገደሏቸው በሥራቸው የነበሩ አየር ወለዶች ናቸው። በዓመቱ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። አያቶችህ በዚያ ነገር ማን ልክ እንደነበረ እስካሁን ይከራከራሉ፤ እኔ አልገባበትም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፦ ተራው ወታደር ምክሩ ውስጥ አልነበረም። ዝለል ሲባል እንዲዘል የሠለጠነ ልጅ ዝለል ላለው ሁሉ ይዘልላል፤ ለምን እንደሚዘል አስቀድሞ የነገረው ከሌለ መሣሪያው ወዴት እንደሚዞር ማንም አያውቅም። ከአለቃ ጋር ማታ የምትመክረውን ለአሥር አለቃህ ጠዋት ልትነግረው ካፈርህ፣ ያንን ምክር ተወው።

7. የምግብ ወረፋ ላይ መጨረሻ ቁም። ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ስትርብ ይገባሃል።

8. ከመመዝገብህ በፊት ለእናትህ ንገራት። ለእኔ መንገር አይበቃም። በበርበሬ ለቀማ መካከል አትንገራት፤ ሥራ ፈትታ ቁጭ ባለች ጊዜ ይሁን። ካለቀሰች አትከራከራት፣ በሳምንቱ ተመልሰህ ጠይቃት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤትህንም ይዘህ ና፤ ሒሳቡን አብረን እናየዋለን፤ ካርታ የማያነብ መኮንን እኔ አልመርቅም።