አዕማደ ግስ በሂደት ገላጭ ድርሰት

አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ወይም እንዴት እንደሚከናወን ደረጃ በደረጃ የሚያስረዳ ድርሰት ሂደት ገላጭ ድርሰት ይባላል። የጠላ አጠማመቅም ሆነ የሰውነታችን አሠራር በዚሁ ስልት ይጻፋል። የዚህ ዐይነት ድርሰት አንባቢ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ብቻ ብሎ አይጠይቅም፤ «ማን አደረገው? በማን ላይ?» ብሎም ይጠይቃል። መልሱን የሚሰጠው ግሱ ነው። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። «ያዘ» እና «ለቀቀ» ከሚሉት ግሶች የወጡትን ቃላት እየለያችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።

ምንባብ
ከመቅኔ ወደ ደም ሥር

ቀይ የደም ሕዋስ የሚኖረው 120 ቀን ያህል ነው። ስለዚህ ሰውነታችን በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ያህል አዳዲስ ቀይ ሕዋሳት መተካት አለበት። የእነዚህ ሁሉ ምንጭ በዳሌ፣ በደረት፣ በጎድንና በአከርካሪ አጥንቶች መቅኔ ውስጥ የሚኖሩት ግንደ ሕዋሳት ናቸው። ቀዩም፣ ነጩም፣ ደም የሚያረጋውም ሕዋስ እንደ ቅርንጫፍ ከእነሱ ስለሚወጣ ግንድ ተባሉ። እ.ኤ.አ. በ1961 ጄምስ ቲልና ኧርነስት ማኩሎክ የተባሉ ተመራማሪዎች በቶሮንቶ ከተማ በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ የሕዋሳቱን መኖር አረጋገጡ።

ግንደ ሕዋስ በመቅኔ ውስጥ የሚኖረው እንዲያው ተቀምጦ ሳይሆን ተይዞ ነው። በዙሪያው ያሉ ሌሎች ሕዋሳት ሲ-ኤክስ-ሲ-ኤል-12 የተባለ ሳቢ ፕሮቲን ያመነጫሉ። በግንደ ሕዋሱ ገጽ ላይ ደግሞ ሲ-ኤክስ-ሲ-አር-4 የተባለ ተቀባይ አለ። ፕሮቲኑና ተቀባዩ ሲያያዙ ሕዋሱ ከማረፊያው አይርቅም። ይሁን እንጂ በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ እንኳ ምንጊዜም ጥቂት ግንደ ሕዋሳት ይዘዋወራሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፣ በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ቁጥራቸው በቀንና በሌሊት ይለዋወጣል። ከአንጎል በነርቭ የሚደርስ ምልክት የሳቢውን ፕሮቲን መጠን ሲቀንሰው ብዙዎቹ ይለቀቃሉ።

ይህ ዕውቀት የሰው ሕይወት ያድናል። በደም ካንሰር የተያዘ ሰው በሽታውን ለማጥፋት በሚሰጠው ከባድ ሕክምና መቅኔው አብሮ ሲጠፋ፣ ምትክ ግንደ ሕዋስ ካላገኘ ደም የሚሠራለት አይኖርም። በአገራችን ዘመድን «አጥንቴ፣ ደሜ» ማለት የተለመደ ነው፤ እዚህ ላይ አነጋገሩ ቃል በቃል ይሠራል። ከአንድ እናትና አባት የተወለደ ወንድም ወይም እኅት የሕዋስ ዐይነቱ ከበሽተኛው ጋር የመስማማት ዕድሉ ከአራት አንድ ነው።

ቀድሞ ሕዋሳቱ የሚገኙት ለጋሹ በማደንዘዣ ተኝቶ መቅኔው ከዳሌ አጥንቱ በመርፌ እየተመጠጠ ነበር። ይህ ዘዴ ዛሬም አልቀረም፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ለጋሹ ለ4 ወይም ለ5 ቀናት ጂ-ሲ-ኤስ-ኤፍ የተባለ መድኃኒት ይወጋል። መድኃኒቱ የተወሰኑ ነጭ የደም ሕዋሳትን ያበዛል። እነሱ የሚያፈሷቸው ኤንዛይሞች ማያያዣዎቹን ይቆራርጣሉ፤ የሳቢው ፕሮቲን ምርትም ይቀንሳል። ያን ጊዜ ግንደ ሕዋሳቱና ማረፊያቸው ይላቀቃሉ። በእነዚህ ቀናት ለጋሹን አጥንቱን ሊያመው ይችላል። ፕሌሪክሳፎር የተባለው ሌላ መድኃኒት ግን በቀጥታ ተቀባዩን ስለሚዘጋ ሕዋሳቱን በሰዓታት ውስጥ ያላቅቃቸዋል። የኤድስ ቫይረስ አንዳንዱ ዝርያ ወደ ሕዋስ የሚገባው በዚያው ተቀባይ ስለሆነ፣ መድኃኒቱ አስቀድሞ የተጠናው ለቫይረሱ ነበር።

በመጨረሻ የለጋሹ ደም ከአንድ ክንዱ ወጥቶ በሚሽከረከር መሣሪያ ውስጥ ያልፋል። ግንደ ሕዋሳቱ ይለያሉ፤ የቀረው ደም በሌላው ክንድ ይመለሳል። ሕዋሳቱ ለበሽተኛው በደም ሥሩ ሲሰጡት መንገዳቸውን ይዘው ወደ መቅኔው ይገባሉ። እየሳበ የሚወስዳቸውም ቀድሞ ይዟቸው የነበረው ፕሮቲን ነው።

ማብራሪያ

«ለቀቀ» አምስቱንም አዕማድ ያሟላል፤ አድራጊው ለቀቀ፣ ተደራጊው ተለቀቀ፣ አስደራጊው አስለቀቀ፣ ተደራራጊው ተላቀቀ፣ አደራራጊው አላቀቀ ነው። አሁን «መድኃኒቱ ሕዋሱን ለቀቀ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር መርምሩ። ሰዋስዉ አልተሳሳተም፤ ነገሩ ግን ሐሰት ነው። ያልያዘ አይለቅምና፣ መድኃኒቱም ሕዋሱን ይዞት አያውቅም። «መድኃኒቱ መቅኔውን ሕዋሱን አስለቀቀው» ብንል ሦስት ወገኖች ይታያሉ፤ አስገዳጁ መድኃኒት፣ ለቃቂው መቅኔ፣ ተለቃቂው ሕዋስ። «መድኃኒቱ ሕዋሱንና ማረፊያውን አላቀቀ» ስንል ደግሞ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ተያይዘው እንደ ነበር እንረዳለን። ከሁሉም ለእውነቱ የሚቀርበው ይህ ነው።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ሳይንሳዊ ጽሑፍ ሁሉ በተደራጊ ግስ ካልተጻፈ ክብደት የሌለው ይመስላቸዋል። ይህ ልማድ አይበጅም። ተደራጊ የሚያስፈልገው አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር ወይም መታወቁ ምንም ሳይጠቅም ሲቀር ነው። መርፌውን የወጋችው ነርስ ማንነት ለሂደቱ ስለማይጠቅም «ለጋሹ ይወጋል» ማለት ይበቃል።

ይሁን እንጂ ይህችው ግስ ሌላ ችግር አለባት። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ «ይወጋል» «ወ» ሲላላ ሌላውን መውጋት፣ ሲጠብቅ ግን በሌላው መወጋት ይሆናል። «ግንደ ሕዋሳቱ ይለያሉ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ «ለ» ካልጠበቀ ሕዋሳቱ ራሳቸው አንድን ነገር የሚለዩ ይመስላል። እንዲህ ያለውን አሻሚነት ለማስወገድ አድራጊውን መጥራት ይቻላል፤ «መሣሪያው ግንደ ሕዋሳቱን ይለያል»።

መልመጃ

1. የ«ያዘ»ን አምስት አዕማድ ጻፉ። እያንዳንዱንም ስለ ደም ወይም ስለ መቅኔ በሚናገር ዐረፍተ ነገር አስገቡ።
2. ከምንባቡ ውስጥ መጥበቅና መላላት ትርጉማቸውን የሚለውጥባቸው ሌሎች ሁለት ግሶች ፈልጉ።
3. አንድ ሰው ለታመመች እኅቱ ግንደ ሕዋስ ለመለገስ እያመነታ ነው እንበል። በአጥንቱና በደሙ ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ፣ ሕመሙንም ሳትደብቁ፣ ከአንድ ገጽ በማይበልጥ ደብዳቤ አስረዱት።