የጎደለችው ቃል፦ ከአሸተን ሥር ስለ ጌም፣ ስለ ዲሽና ስለ ፀሐይ ግርዶሽ የሰማኋቸው አስተያየቶች



"ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች" ይላል ያገሬ ሰው። ተረቱ የሚነገረው ነገሩን ሳያጣራ የሰማውን ይዞ ለሚሮጥ ሰው ነው። ሁላችንም በዶሮዋ እንስቃለን። ለመሆኑ ለዶሮዋ ወሬውን የነገራት ማን ነው? ምን ብሎስ ነው የነገራት? ጋዜጠኛ ልንሆን የምንማር ሰዎች ልንጠይቅ የሚገባን ይህን ይመስለኛል። እኔም ዛሬ የምጽፈው ስለ ነጋሪው ነው።

በዚህ ዓመት ከተሰጡን የቤት ሥራዎች አንዱ የመንገድ ላይ አስተያየት መሰብሰብ ነበር። ርእሱን ራሳችን እንድንመርጥ ስለተፈቀደልን፣ ለእረፍት ላሊበላ ቤተሰቦቼ ዘንድ በሄድኩ ጊዜ ሰው ቡና ላይ ቀለል አድርጎ የሚያወራቸውን ሦስት ነገሮች ያዝኩ፤ ጌም፣ የቤት ቴሌቪዥንና የሳይንስ ዜና። የጠየቅኋቸው ጎረቤቶቻችንን፣ የታናሽ ወንድሜን ጓደኞች፣ በአሸተን መንገድ በቅሎ የሚያከራዩ ልጆችንና ገዳሙ ያሉ አንድ አባትን ነው። ጥቂት ሰዎች ስለሆኑ ነገሩን "ጥናት" ብዬ አላጋንነውም።

እውነቱን ለመናገር መደምደሚያውን የጻፍኩት ገና ሳልጠይቅ ነበር። "የኅብረተሰባችን የሳይንስ ግንዛቤ ዝቅተኛ ነው" የሚል። (እንዲህ ብለን ያልደመደምነው የቤት ሥራ አለ እንዴ?) ሆኖም የሰበሰብኳቸውን አስተያየቶች ከዜናዎቹ ጋር ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ሌላ ነገር አየሁ። ሰዉ የሰማውን በትክክል ይዟል። የጎደለው ከተነገረው ነገር ውስጥ ነበር፤ ብዙውን ጊዜም የጎደለችው አንዲት ቃል ብቻ ናት።

1. "ጌም በሽታ ነው ተብሏል"

ሰፈራችን ያለው ጌም ቤት አንድ ክፍል ነው። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ጥቂት የፕላስቲክ ወንበሮችና ቀለማቸው የተፋቀ ጆይስቲኮች አሉት። የሚጫወቱት ኳስ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል። እናቴ ወንድሜን ከዚያ እንዳወጣ ስትልከኝ ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነው። "በቴሌቪዥን እኮ ነው የተነገረው። ጌም በሽታ ነው ተብሏል። ሂጂና ጎትተሽ አምጪልኝ!"

እናቴ አልፈጠረችውም። የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገራት በግንቦት 2011 ዓ.ም. ያጸደቁት 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ "ከጌም ጋር የተያያዘ የጤና ችግር" የሚል ክፍል አለው። ምደባው ሥራ ላይ የዋለው በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን በሽታ የተባለው ጌሙ አይደለም። አንድ ሰው ችግሩ አለበት ለማለት ሦስት ነገሮች ይታያሉ። ጨዋታውን መቆጣጠር ማቃቱ፣ ጨዋታውን ከሌላው የኑሮ ጉዳይ ሁሉ ማስቀደሙ፣ ጉዳት እየደረሰበትም መቀጠሉ። ይህም በአብዛኛው ለ12 ወር ያህል የዘለቀና ትምህርቱን፣ ሥራውን ወይም ቤተሰቡን የጎዳ መሆን አለበት። ድርጅቱ ራሱ ችግሩ የሚገጥመው ከተጫዋቾቹ ጥቂቶቹን ብቻ እንደሆነ ይናገራል።

የጎደለችው ቃል "ጥቂቶች" ናት። ቃሏ በመጉደሏ እናቴ ቅዳሜ ከሰዓት የሚጫወተውን ልጅና ትምህርቱን ትቶ የቀረውን ልጅ ለይታ ማየት አልቻለችም። ለሁለቱም ያላት መልስ አንድ ነው፤ ጎትቶ ማውጣት።

ስለ ጌም ቤቱ ሳልናገር የማላልፈው አንድ ነገር አለ። እዚያ አስተያየት ብዙ ዕድሜ የለውም። አንዱ "እኔን የሚያሸንፍ የለም" ካለ "አፍህን ትተህ ጆይስቲክ ያዝ" ይባላል፤ ደቂቃዎች ሳይሞሉ እውነቱ ይወጣል። የሳይንስ ዜና የሰማ ሰው ግን ጆይስቲክ የሚያቀብለው የለም።

2. "ሳተላይት አምጥቀን የለ? ታዲያ ዲሹ ለምን አይጠራም?"

ይህን ያሉኝ ዲሽ ሠሪ ጎረቤታችን ዘንድ ቁጭ ብለው ወረፋ የሚጠብቁ አንድ አባወራ ናቸው። በቀልድ ነው ያሉት፤ ሆኖም ቀልዱ ውስጥ ቅሬታ አለ።

ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት፣ ኢቲአርኤስኤስ 1ን፣ ከቻይና ያመጠቀችው ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ቀጥሎ በ2013 ዓ.ም. የአገራችን የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ተዛወሩ ተባለ፤ ሰዉም ዲሹን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አዞረ። ሁለቱ ወሬዎች ተከታትለው መጡ። አንደኛው "ሳተላይታችን" አለ፤ ሁለተኛው "ኢትዮሳት" አለ። እነዚህን ሰምቶ አንድ አድርጎ ያሰበ ሰው ምን አጠፋ?

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ኢቲአርኤስኤስ 1 ምድርን ከላይ ፎቶ የምታነሳ፣ ለግብርናና ለአካባቢ ጥበቃ መረጃ እንድትሰጥ የተሠራች ሳተላይት ነበረች። የምትዞረው ከምድር 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን ከራሳችን በላይ ፈጥና ታልፋለች። የቴሌቪዥን ሳተላይት ግን 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከምድር ወገብ በላይ ይቀመጣል። በዚያ ርቀት አንዱን ዙር የሚጨርሰው ምድር በራሷ ዛቢያ አንዴ በምትዞርበት ጊዜ ስለሆነ ከታች ለሚያየው የቆመ ይመስላል። ዲሻችን አንዴ ከታሰረ በኋላ የማይንቀሳቀሰው በዚህ ምክንያት ነው። ኢትዮሳትም ለብቻዋ የመጠቀች የኢትዮጵያ ሳተላይት አይደለችም፤ ጣቢያዎቻችን ኤስኢኤስ ከተባለ የሉክሰምበርግ ኩባንያ ሳተላይት ላይ በጋራ የተከራዩት ቦታ መጠሪያ ናት።

እዚህ ላይ የጎደለችው ቃል "የምድር መቃኛ" ናት። ይህን ለአባወራው ስነግራቸው ሳቁና "ታዲያ እንዲህ ብለው ቢነግሩን ምን ነበረበት? ስለ እርሻችን ከሆነማ ደስ ይለን ነበር" አሉኝ። እኔ "ግንዛቤው ዝቅተኛ ነው" ልላቸው የተዘጋጀሁት ሰው ማለት ናቸው።

3. "ይጨልማል አሉ፤ አልጨለመም"

ሦስተኛውን ለመጠየቅ ወደ አሸተን ማርያም ወጣሁ። አሸተን ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከተራራው አለት የተፈለፈለች ገዳም ናት፤ ስሟ ከንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ጋር ይነሳል። ወደዚያ የወጣሁት የሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ግርዶሽ ነገር ስላለ ነው። የዚያን ቀን ቀለበታዊው የፀሐይ ግርዶሽ መንገዱ በላሊበላ ላይ ነበር። ከጠዋቱ 2 ሰዓት አለፍ እንዳለ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል፣ ፀሐይ የእሳት ቀለበት ሆና ታየች።

ገዳሙ በር አጠገብ ያገኘኋቸውን አባ መስቀል ተሳልሜ ስለዚያ ቀን ጠየቅኋቸው።

"እሑድ ነበር፤ ቅዳሴ ላይ ነበርን" አሉ። "ቀኑ ይጨልማል ተብሎ ተወርቶ ነበር። በመስኮት የሚገባው ብርሃን ደከም አለ እንጂ አልጨለመም።"

"ታዲያ ሬዲዮው ዋሸ ይላሉ አባ?"

"ዋሸ አልልም ልጄ። አልጨረሰውም ነው የምለው።"

እውነታቸውን ነው። ከአንድ በላይ ዓይነት ግርዶሽ እንዳለ የነገራቸው የለም። ፀሐይ ከጨረቃ 400 ጊዜ ያህል ትሰፋለች፤ ርቀቷም ወደ 400 ጊዜ ያህል ነው። ስለዚህ ከምድር ሆነን ስናያቸው እኩል ይመስላሉ። ጨረቃ ግን አንዳንዴ እስከ 363,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ትቀርበናለች፤ አንዳንዴም እስከ 405,000 ገደማ ትርቀናለች። ቀረብ ስትል ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ትሸፍናለች፤ ያኔ ይጨልማል። ራቅ ስትል ጠርዟ ይተርፋል፤ ያ ነው ቀለበቱ። የፀሐይ ብርሃን ከሙሉ ጨረቃ ብርሃን 400,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ከመቶ አንዷ እጅ ብቻ ብትቀር እንኳ የ4,000 ሙሉ ጨረቃዎች ብርሃን ማለት ነው። እንዴት ይጨልማል?

"ቀለበታዊ" የምትለው ቃል ሰዉ ጆሮ ሳትደርስ ቀረች። ከዚያ በኋላ በቅሎ አከራዮቹ መካከል ያለው አስተያየት "ሳይንስም ይሳሳታል" የሚል ሆነ። ሳይንስ ደቂቃውን እንኳ አልሳተም ነበር።

4. የእኔ ጉድለት

እስካሁን የሌላውን ስነግራችሁ ቆየሁ፤ የራሴን ደብቄ ግን ይህን ጽሑፍ መጨረስ አልችልም።

የግርዶሹ ቀን ትምህርት ቤት በኮሮና ምክንያት ተዘግቶ ስለነበር ሁላችንም ቤት ነበርን። ሬዲዮው "በባዶ ዐይናችሁ አትመልከቱ፤ መከላከያ ተጠቀሙ" ሲል ሰምቻለሁ። ምን ዓይነት መከላከያ? አልሰማሁም፤ ወይም ሳልሰማ አልፎኛል። ከፍራሽ ሥር የአባቴ የድሮ ራጅ ነበር። ጥቁር ነው፤ መከላከያ ማለት ይህ ነው ብዬ ለወንድሜ ሰጠሁት። የ11 ዓመት ልጅ ነበር። እኔ ትንሽ አይቼ ወረድኩ። እሱ ግን ራጁን ቀኝ ዐይኑ ላይ ደግኖ ቆየ።

እናቴ በዚያ ሰዓት ማድ ቤት ቡና እያፈላች ነበር። "ኑ እዩ! ግድግዳው ላይ ያለው ብርሃን ማጭድ መስሏል!" ብላ ጠራችን። ከቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ የሚገባው ጨረር የፀሐይን ምስል ግድግዳው ላይ ጥሎ ነበር። አልሄድንላትም። ዛሬ ሳስበው ከቤታችን ግርዶሹን በትክክለኛው መንገድ ያየችው እናቴ ብቻ ናት። በትንሽ ቀዳዳ የሚያልፍ ብርሃን ምስሉን ሌላ ቦታ ላይ ስለሚጥል ፀሐይን ፊት ለፊት ማየት አያስፈልግም። ራጅ፣ የፀሐይ መነጽር፣ የጠቆረ ጠርሙስ ግን ብርሃኑን ለዐይን ያደበዝዙታል እንጂ የሚጎዳውን የማይታይ ጨረር በበቂ አያስቀሩም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የዐይናችን ውስጠኛ ክፍል፣ ሬቲና፣ ሕመም የማይሰማው መሆኑ ነው። ሲቃጠል አይነግረንም።

ማታ ቴሌቪዥን ስናይ ወንድሜ "እታለም፣ ጽሑፉ መሀሉ ጠፋብኝ" አለኝ። ጤና ባለሙያ አየው፤ በጊዜ ብዛት ሊሻለው እንደሚችል ተነገረን። በእርግጥም ብዙው ተሻለው። ነገር ግን ባለፈው እረፍት ጌም ቤት ልጠራው ስሄድ ግራ ዐይኑን በእጁ ሸፍኖ "ኳሷን ትክ ብዬ ሳያት አሁንም ትጠፋለች" ብሎ አሳየኝ። እየሳቀ ነው ያሳየኝ። እኔ አልሳቅሁም።

ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ቀላል አስተያየት ስንሰበስብ ሰዉን ለመፈተን አንሂድ። እያንዳንዱ የተሳሳተ አስተያየት የትኛዋ ቃል ከዜናው እንደጎደለች ይጠቁመናል። ሁለተኛ፣ ቅጽል አንቁረጥ። ሰዓት ሲያጥረን መጀመሪያ የምንሰርዘው "ጥቂት"፣ "ቀለበታዊ"፣ "የምድር መቃኛ" የሚሉትን ነው፤ ሳይንሱ ያለው ግን እነሱ ውስጥ ነው። ሦስተኛ፣ "ጥንቃቄ አድርጉ" ብለን አንተው፤ በምን እንደሆነ እንናገር። ማንም ቤት ውስጥ የሚገኘውን የሚስማር ቀዳዳ ጭምር።

ፈተናውም ሩቅ አይደለም። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል። በግብፅ ሉክሶር ከ6 ደቂቃ በላይ ይጨልማል። በኢትዮጵያ ግን ግርዶሹ የሚታየው በከፊል ብቻ ነው። ይህ ማለት እኛ ዘንድ አይጨልምም፤ ለአንዲት ሰከንድም ቢሆን ፀሐይን ያለ ትክክለኛ የግርዶሽ መነጽር ማየት አይቻልም። የውጭውን ዜና እንዳለ ገልብጦ "ይጨልማል፤ ሲጨልም መነጽር ማውለቅ ይቻላል" የሚል ሰው ቢኖር የስንቱን ልጅ ዐይን እንደሚያጠፋ አስቡት። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ተመርቀን ማይክ የያዝን እንሆናለን።

የሐምሌ ደመና ላስታን ካልሸፈናት እኔ ማድ ቤት እናቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ ግድግዳውን አያለሁ። ወንድሜም ከጎኔ ይሆናል።

ቸር እንሰንብት።